ወንድሜ ጥሎልኝ የሄደው ውሻ መኪና እያባረረ አስጨነቀኝ

ጥያቄ፦

ሰላም ለናንተ ይሁን። የምፅፍላችሁ ከደሴ ነው፣ ቤታችን ወደ ኮምቦልቻ በሚወስደው መውጫ አስፋልቱ ዳር ነው። ታናሽ ወንድሜ አምና ወደ ሳውዲ ሲሄድ ቦቢ ሚባል ውሻውን ለኔ ጥሎልኝ ሄደ፣ ያኔ ገና ቡችላነቱን እየጨረሰ ነበር አሁን ሁለት አመት ሊሞላው ነው። ቤት ውስጥ ሲሆን ወላሂ እንደሱ ጨዋ የለም፣ ግን የግቢው በር ትንሽ ገርበብ ካለች በቃ ተፈትልኮ ይወጣና ባጃጅ በለው አይሱዙ በለው ተሳቢ በለው ጎማ ጎማውን እያለ ይከተላል፣ ብጠራው ብጮህ አይሰማኝም፣ አንዳንዴ ሮጬ ልይዘው ስል ይብስበታል።

ባለፈው ሳምንት አንድ የባጃጅ ልጅ እሱን ላድን ብሎ ሲያጥፍ ቦይ ውስጥ ገባ። ተሳፋሪዋ እጇ ተጫረ፣ አልሀምዱሊላህ ከዛ በላይ አልሆነም፣ ለባጃጁ ማሰሪያ እኛ ከፈልን። ከዛ ወዲህ እናቴ ወይ በሰንሰለት ጠፍረሽ እሰሪው ወይ ኩታበር አክስትሽ ጋ ይሂድ እያለች ነው። ሁለት ቀን አስሬው ነበር ሌሊቱን ሙሉ ሲያላዝን ማንም አልተኛም። ጎረቤታችን ሐጂ ለሱብሂ ሲወጡ ዘሎባቸው ልብሳቸውን ስለነካባቸው ተቆጥተዋል፣ ሌላው ጎረቤት ደሞ የዚህ መድሀኒቱ መርዝ ነው ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። የሰፈር ልጆች መኪና ውስጥ ሆነን ድንጋይ እንወርውርበት አንዴ ከቀመሰ ይተዋል ይሉኛል።

ወንድሜ እያለ በየጠዋቱ ወደ ጦሳ ተራራ ይዞት ይወጣ ነበር፣ እንደ ልጁ ነው ሚያየው። አሁንም በየጁምዓው ሲደውል መጀመሪያ ሚጠይቀው ስለሱ ነው፣ እኔም ደህና ነው እለዋለሁ የድሮ ቪዲዮ እልክለታለሁ። የሄደ ቀን በባጃጅ ነበር ወደ መናኸሪያ የሄደው፣ ቦቢ እስከ ታች ድረስ ተከትሎት ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ ከዛ ቀን ጀምሮ ባጃጅ ባየ ቁጥር ወንድሜን ይዞበት የሚሄድ ይመስለዋል። ይሄን ሳስብ ልሰጠውም ላስረውም አንጀቴ አይችልም። ምን ላርግ? ለወንድሜስ ልንገረው?

ግራ የገባኝ እህታችሁ

መልስ፦

እህቴ እንኳን አላህ አወጣችሁ፣ የባጃጁ ልጅም ተሳፋሪዋም በጭረት መትረፋቸው ትልቅ ነገር ነው። ለማሰሪያውም ሳትከራከሩ መክፈላችሁ ጥሩ አረጋችሁ፣ ወደሱ እመለስበታለሁ።

ወንድምሽ በባጃጅ ስለሄደበት ቀን የፃፍሽውን ላፈርስብሽ አልፈልግም፣ ቦቢ ምን እንደተሰማው እኔም አንቺም ገብተን አላየንም። ግን በደብዳቤሽ መሀል እንደዋዛ ያለፍሽው አንድ ነገር አለ፣ ወንድምሽ በየጠዋቱ ወደ ጦሳ ይዞት ይወጣ ነበር ብለሻል። አሁን ማን ነው ይዞት ሚወጣው? አልፃፍሽም፣ ስገምት ማንም። እንግዲህ አስቢው፣ በየቀኑ ዳገት ሲወጣ ሲያሸት ሲሮጥ የነበረ ወጣት ወንድ ውሻ ድንገት ግቢ ውስጥ ቀረ፣ ያውም ልክ በዛ ጎረምሳ በሚሆንበት እድሜ ላይ። መኪና ማባረር ብዙ ጊዜ ብቅ ሚለው በዚሁ እድሜ ነው፣ ከስድስት ወር እስከ ሁለት አመት ባለው ጊዜ። እኔ ሳየው ቦቢ ወንድምሽን ብቻ ሳይሆን ጠዋቱንም ነው ያጣው። ይሄን ምልሽ ጥፋተኛ ነሽ ለማለት አይደለም፣ ወንድምሽን ልትመልሺለት አትችይም ጠዋቱን ግን መመለስ ይቻላል ለማለት ነው።

ብጠራው አይሰማኝም ያልሽው ደሞ ንቀት አይደለም። ውሻ ሮጦ ሚሸሽ ነገር ሲያይ መከተል በደሙ ያለ ነገር ነው፣ ጥንት አውሬ እያደነ በኋላም ከብት እየጠበቀ የኖረ እንስሳ ነው። መኪና ደሞ ለሱ ሁሌ ሚሸሽ አውሬ ነው። ይጮህበታል ይሮጥበታል መኪናው ይሄዳል፣ በሱ ቤት አባረረው እኮ! በቀን ስንት መኪና በበራችሁ ያልፋል? ሁሉንም አሸንፎ ነው ሚመለሰው። ስለዚህ አንድ ነገር ልብ በይልኝ፣ አንዴ ባመለጠ ቁጥር ትምህርት እየወሰደ ነው፣ አንቺ ሳምንቱን ሙሉ ያለማመድሽውን አንድ አይሱዙ በደቂቃ ያፈርሰዋል። ለዛ ነው ከስልጠናው በፊት በሩ ሚቀድመው።

ሁለት ነገር እስቲ አስተውለሽ እዪልኝ። ሚያባርረው በራችሁ ላይ ሲሆን ብቻ ነው ወይስ ሌላ ሰፈር ይዘሽው ብትሄጅም ነው? በር ላይ ብቻ ከሆነ ግቢውን እየጠበቀ ነው ማለት ይቀናኛል። ደሞ ከመሮጡ በፊት ምን ያረጋል? እየጮኸ ፀጉሩን አቁሞ ነው ወይስ ድምፁን አጥፍቶ ዝቅ ብሎ አይኑን ተክሎ? ሁለተኛው ፀጥ ያለው ነው ይበልጥ ሚያሰጋኝ፣ ያ አደን ነው፣ እሱን ለማስተው ትንሽ ይረዝማል።

እሺ በሩ። ደሴ ውስጥ የግቢ በር ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፣ ተከራይ ይገባል ልጅ ይወጣል ውሃ ሊቀዳ የመጣ ይረሳዋል፣ ሁሉንም ሰው በሩን ዝጉ እያልሽ ስትጮሂ ልትኖሪ ነው። ስለዚህ ሰውን ከመለማመጥ በሩን ማሰራት ይሻላል። ብየዳ ቤት ሄደሽ ራሱ ሚመልስ ስፕሪንግ ወይ ክብደት አስገጥሚለት። ከዛ ደሞ ከበሩ አንድ ሁለት ሜትር ወደ ውስጥ ሁለተኛ የእንጨት ወይ የሽቦ መዝጊያ አሰሪ፣ ከሰው ደረት ከፍ ያለች ትሁን እንዳይዘላት። የውጪው ሲከፈት የውስጠኛው ዝግ ከሆነ ቦቢ ውስጥ ይቀራል እንጂ አስፋልት አይደርስም። ገንዘቡ ባንዴ ከከበደ ከውስጠኛዋ ጀምሪ፣ ለአንድ ባጃጅ ማሰሪያ ከምትከፍሉት ሚበልጥ አይመስለኝም።

ሰንሰለቱን በተመለከተ እናትሽን አልቃወማቸውም፣ የፈሩት ሰው እንዳይሞት ነው፣ ትክክል ናቸው። ግን አጭር ሰንሰለት ቀን ከሌት ሲሆን ውሻውን ነገረኛ ያረገዋል፣ ታስሮ እያየ መኪና ሲያልፍ ይበልጥ ይቃጠላል፣ የለቀቅሽው ቀን ጉድ ነው። መሀከለኛ መንገድ አለ። ከግቢው ጫፍ እስከ ጫፍ ወፍራም ሽቦ ከሰው ቁመት በላይ ወጥሪና ቀለበት አስገብተሽ ገመዱን ከቀለበቱ ጋ እሰሪው፣ ወዲያ ወዲህ ይሮጣል አይታፈንም። ብቻ ገመዱ አጥሩ ጋ እንዳያደርሰው ለኪ፣ አጥር ዘሎ በማዶ በኩል ተንጠልጥሎ የሚሞት ውሻ አለ። መኪናው ማይታይበት በጓሮ በኩል ቢሆን ይመረጣል። ይሄም ቢሆን በሩ እስኪሰራ እና ቤት ሰው በማይኖርበት ሰአት እንጂ ኑሮው አይሁን። ማታ ማላዘኑ ደሞ ቀን ደክሞት ከዋለ ይቀንሳል።

ሚደክመው እንዴት ነው? ጠዋት አስራ ሁለት ሰአት አካባቢ መኪናው ሳይበዛ ውጡ። ሱብሂ ከሰገድሽ በኋላ ማለት ነው፣ ሐጂም ገና ወደ ቤታቸው እየተመለሱ ስለሚሆን ትንሽ ቆየት በይ። ወንድምሽ ይዞት ይወጣበት የነበረውን መንገድ ከተቻለ፣ ሩቅ ከሆነብሽ ከአስፋልቱ በተቃራኒ ያለውን ኮብልስቶን ይዘሽ ግማሽ ሰአት ይበቃል። ብቻዬን በዛ ሰአት ሴት ልጅ ካልሽኝ እውነትሽን ነው፣ የሰፈር ጎረምሳ አንዱን ይዘሽ ውጪ። እነዛን ድንጋይ እንወርውር የሚሉትን ልጆች ለዚህ ተጠቀሚባቸው፣ ጉልበት ካላቸው በጠዋት ዳገት ይውጡበታ። አንገቱን ብቻ የሚይዝ ማሰሪያ ግን ተይው፣ ወደ ኋላ ሲጎትት ጭንቅላቱ ሾልኮ ይወጣል። የጭነት ቀበቶ ቆርጦ ለሚሰፋ ሰው ብትሰጪው ደረቱንና ጀርባውን የሚይዝ አርጎ ይሰራልሻል።

አሁን ወደ ዋናው፣ መጥራት። በመጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ቦቢን ና ብለሽ ስትጠሪው ምንድነው ሚጠብቀው? ከመንገድ ሲመለስ በጫማ ከተመታ ወይ ወዲያው ከታሰረ እሱ በሚገባው ቋንቋ መምጣት ማለት ቅጣት ማለት ነው። የፈለገ ብትናደጂ ሲመጣ አትምቺው፣ አመስግኚው፣ ንዴትሽን ዋጥ አርገሽ። ሮጠሽ ልትይዢውም አትሞክሪ፣ አብራኝ እያባረረች ነው ብሎ ነው ሚያስበው ለዛ ነው ሚብስበት። ይልቅ ስሙን ጠርተሽ ወደ ቤት ፊትሽን አዙረሽ ሩጪ፣ ብዙ ውሻ ዞሮ ይከተላል። ብዙ አልኩ እንጂ ሁሉም አላልኩም።

ከስጋ ቤት የበሬ ሳንባ በርካሽ ታገኛለሽ፣ ቀቅለሽ እንደ ጥፍር በጣም በትንሽ በትንሹ ክተፊው። እሱ እንጀራ ፍርፋሪ ሁሌም ስለሚያገኝ ብርቅ አይሆንበትም፣ ሳንባው ግን ለዚህ ስራ ብቻ ይሁን። ጠግቦ እያለ ሳይሆን ከምግቡ በፊት ርቦት እያለ ጀምሪ። ቤት ውስጥ ና በይው፣ ሲመጣ ስጪው፣ በቃ። አምስት ደቂቃ በቀን ሁለት ሶስቴ፣ ሳይሰለች አቁሚ። ቤት ውስጥ አስር ጊዜ ጠርተሽው አስሩንም እየበረረ ከመጣ ወደ ግቢ ውጪ፣ ግቢ ውስጥ እንደዛ ሲሆን አስር ሜትር የሚሆን ገመድ አስረሽበት ክፍት ቦታ ሂዱ። ገመዱ ለመጎተት አይደለም፣ አልሰማ ካለ እንዳያመልጥ ነው። አልሰማ ሲል ና ና ና እያልሽ አትደጋግሚ ቃሉ ይበላሻል፣ አንዴ ጥሪ ዝም በይ ገመዱን ሰብሰብ እያረግሽ ቅረቢው።

መኪናው ሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው እንጂ ብዙ ሰው ሚሳሳተው ከመኪናው ይጀምርና ነው። ከአስፋልቱ በጣም ራቂ፣ መኪናው እየታየው ግን ማይጨነቅበት ቦታ ድረስ፣ ለአንዱ ውሻ ሃምሳ ሜትር ለሌላው መቶ ሜትር ሊሆን ይችላል። እናንተ ሰፈር ዳገት ስለሆነ ከላይ ሆናችሁ ወደ ታች መንገዱን ማየት ትችላላችሁ መሰለኝ ይሄ ትልቅ እድል ነው። ባጃጅ ብቅ ሲል ቦቢ ያየዋል ጆሮው ይቆማል፣ እዛች ላይ ነው ስራው። ከመወርወሩ በፊት ስሙን ጥሪ፣ ወዳንቺ ሲዞር ሳንባዋን ስጪው። ሌላ ባጃጅ፣ ደሞ እንደዛ። ከጥቂት ቀን በኋላ መኪና ሲያይ ራሱ ዞሮ ፊትሽን ማየት ይጀምራል፣ ያኔ ገብቶታል ማለት ነው። ከዛ ትንሽ ትንሽ ጠጋ በሉ። ገመዱን ወጥሮ ከጮኸ አትቆጪው፣ በጣም ቀርበሻል ማለት ነው ወደ ኋላ ተመለሺ። ሰኞ ሰኞ ገበያው ስለሆነ መንገዱ ስለሚጨናነቅ እረፉ። ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል ካልሽኝ ሳምንታት አይደለም ወራት ነው ሚሆነው። እውነቱን ልንገርሽ አይደል፣ ስልጠናው በደንብ ከሰራም በኋላ ያለ ገመድ አስፋልት ዳር አትልቀቂው። ያ ከኮምቦልቻ የሀረጎን ዳገት ወጥቶ የሚመጣ ጭነት የያዘ ተሳቢ ለውሻ ብሎ መቆም አይችልም፣ ሊቆም ቢሞክርም ከኋላው ላለው ሰው አደጋ ነው።

ድንጋዩን ተዉት በያቸው። ያመመውን ነገር ከመኪናው ጋ ይሁን አጠገቡ ከቆመው ህፃን ጋ ውሻው ራሱ ነው ሚያገናኘው፣ አንቺ አትመርጪለትም። ፈርቶ የሚነክስ ውሻ ካተረፋችሁ ደሞ ባጃጅ ማባረሩ ይናፍቃችኋል።

ጎረቤት ላይ ግን አትዘግዪ። ሐጂ ጋ ከናትሽ ጋር ሆናችሁ ሂዱ፣ ለሰላት ታጥበው ለብሰው ወጥተው የውሻ ምራቅ ሲነካባቸው ምን ማለት እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ፣ ይቅርታ በሏቸውና በሱብሂ ሰአት ውሻው ከውስጠኛው በር እንደማያልፍ ንገሯቸው። ለጥበቃ ውሻ መያዝ እንደሚቻል እሳቸው ካንቺ በላይ ያውቃሉ፣ የተቆጡት በውሻው መኖር ሳይሆን በበሩ መከፈት ይመስለኛል። እሳቸው ካንቺ ጋር ከሆኑ መርዝ ያለው ሰውዬ አፉን ይሰበስባል። እሱንም ቢሆን አትጣይው፣ በሩን እያሰራሽ እንደሆነ ይስማ፣ ሰው ዝም ሲባል ነው ሚብሰው። ቦቢንም ከማያውቀው ሰው እጅ እንዳይበላ ከአሁኑ አስለምጂው።

ወደ ባጃጁ ክፍያ እመለሳለሁ ብዬሽ ነበር፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ህግ አንቀፅ 2071 እንስሳው በድንገት እንኳን አምልጦ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው ይላል። ባለቤቱ ሳውዲ ነው ብለሽ ደሞ አታመልጪም፣ ከሱ ቀጥሎ ያለው አንቀፅ እንስሳውን ተረክቦ የያዘውንም ይጨምራል። ላስፈራራሽ አይደለም፣ የባጃጁ ልጅ ጋ በስምምነት መጨረሳችሁ ብልህነት ነበር ለማለት ነው። ተሳፋሪዋን ግን አንድ ነገር ጠይቂልኝ፣ ጭረቱ ከመውደቅ ነው ወይስ ጥርስ ነክቷታል? ጥርስ ከሆነ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ አስራ አምስት ደቂቃ መታጠብና ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ መሄድ ነበረባት፣ ካልሄደች አሁንም ዛሬውኑ ትሂድ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከጀመረ መዳኛ የለውም። ቦቢ ክትባቱን በየአመቱ ይወስዳል? ካልወሰደ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ህክምና ትምህርት ቤት እዛው ደሴ ነው ያለው፣ ወይ የከተማውን እንስሳት ክሊኒክ ጠይቂ። እግረ መንገድሽን ስለማኮላሸትም አማክሪያቸው። ሴት ውሻ ፍለጋ ሌሊት መጥፋቱን ይቀንስለታል፣ መኪናውን ግን በዛ ይተዋል ብለሽ አትጠብቂ።

ኩታበር? ሙሉ በሙሉ አይሆንም አልልሽም። አክስትሽ ቤታቸው ከመንገድ የራቀ ከሆነና ውሻውን ከልባቸው ከፈለጉት ሊሆን ይችላል። ግን ሚሮጥ ነገር ሁሉ ሚከተል ውሻ መኪና ሲያጣ በግና ዶሮ አያጣም፣ ገጠር ደሞ በግ ያባረረ ውሻ እድሜው አጭር ነው። ከላክሽውም ይሄን አመሉን ደብቀሽ አትላኪ። እኔ ብሆን በሩን ሰርቼ፣ ጠዋት ጠዋት እያወጣሁት አንድ ሁለት ወር አይቼ ነበር ምወስነው።

ወንድምሽን ንገሪው። ለምን እንደደበቅሽው ይገባኛል፣ በሰው አገር ነው እዛ ሆኖ ምን ያረጋል ብለሽ ነው አይደል? ግን እሱ አምና የተነሳ ቪዲዮ እያየ ደስ ሲለው አንቺ እዚህ ሌሊት ታለቅሻለሽ፣ ነገ ቦቢ አንድ ነገር ቢሆን ደሞ ውሸቱ ካደጋው በላይ ነው ሚያቃቅራችሁ። አንድ ውሻ ብቻ አይደለም እኮ የተሸከምሽው፣ የናትሽን ፍራቻ፣ የጎረቤቱን ቁጣ፣ የሱን ናፍቆት ሁሉ ብቻሽን ነው የያዝሽው። ይሄን ጁምዓ ሲደውል ሊጠፋብኝ ነው እያልሽ ሳይሆን እንዲህ ሆነ እንዲህ ልናረግ ነው ብለሽ ንገሪው። የበሩን ወጪ እሱ ልቻል ካለ አትከልክይው፣ ውሻው የሱ ነው፣ ባለበት ሆኖ አንድ ነገር ማረጉ እሱንም ያቀለዋል።

ደሞ ጦሳ ሲወጡ ቦቢን ምን ብሎ እንደሚጠራው ጠይቂው። ፉጨት ከሆነ በስልክ ቀድቶ ይላክልሽ፣ አንቺም ተለማመጂው። መጀመሪያ ሳሎን ውስጥ በሩ ተዘግቶ ሞክሪው እንጂ ግቢ ላይ እንዳታሰሚው፣ መጣ ብሎ አጥሩን ሊዘል ይችላል። ከተረጋጋ በሳንባው አለማምጂው፣ ውሻው ከድሮ ሚያውቀው ጥሪ ካለ ከዜሮ አትጀምሪም።